የደከመው ተመልካቹ አይደለም

አንድ ታሪክ ሲሞት «ምን ገደለው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ «ተመልካቹ ሰለቸው» ይባላል። ስታር ትሬክ የተባለው የአሜሪካ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. ከአሥራ ስምንት ዓመት ያልተቋረጠ ሥርጭት በኋላ ከቴሌቪዥን ሲወርድም ተደጋግሞ የተሰማው ይኸው ምክንያት ነበር። ሰዉ ጠገበ፣ ሰዉ ደከመው፣ ሰዉ ፊቱን አዞረ ተባለ። ይህን መልስ አልቀበለውም። እናንተም እንዳትቀበሉት ልሞግታችሁ ነው የተነሣሁት። የደከመው ከገበታው ዙሪያ የተቀመጠው ሰው አልነበረም። የደከመው ማጀቱ ነው።

«ይህ ደግሞ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ብዙዎቻችሁ ተከታታይ ፊልም ትከታተላላችሁ፤ ስታር ትሬክ ባይሆን ሌላ ይሆናል። ምሽታችሁን የሚወስድባችሁ ሰው በምትኩ ምን እንደሚሰጣችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሁለተኛ፣ ከእናንተ መካከል የሚጽፉ አሉ፤ ለወጣቶች ፕሮግራም ድራማ የሚያዘጋጁ፣ አጭር ልብ ወለድ የሚሞክሩ። ለሚጽፍ ሰው ደግሞ የአንድ ትልቅ ሥራ አወዳደቅ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

የሚናገረው ሲኖረው

ስታር ትሬክን እ.ኤ.አ. በ1966 ያስጀመረው ጂን ሮደንቤሪ ነው። አሜሪካ በቬትናም ጦርነት፣ በዘር መድልዎና ከሶቪየት ኅብረት ጋር በነበራት ፍጥጫ የምትታመስበት ጊዜ ነበር። ሮደንቤሪ በዚያ መሐል አንዲት የጠፈር መርከብ አሳየ። በመርከቧ ማዘዣ ክፍል ውስጥ አንዲት ጥቁር ሴት መኮንን ተቀምጣለች። መርከቧን የሚነዳው የእስያ ዝርያ ያለው ሰው ነው። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ከጎኑ አንድ ሩሲያዊ ወጣት ተቀመጠ። በዚህ ጉዳይ ላይ ንግግር የሚያደርግ የለም። አብረው ይሠራሉ፣ በቃ።

ኡሁራ የተባለችውን ጥቁር መኮንን ሆና የተጫወተችው ኒሼል ኒኮልስ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ሥራውን ልትተው አስባ ነበር። እርሷ ራሷ ደጋግማ እንደተናገረችው፣ እንድትቀር ያሳሰቧት የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበሩት ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ናቸው። ቦታዋ ተራ የትወና ቦታ እንዳልሆነ ነገሯት፤ እርሷም ቀረች። ከዓመታት በኋላ ናሳ ሴቶችንና ጥቁሮችን ለጠፈርተኝነት ሲመለምል ኒኮልስን አሰማርቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ጠፈር የወጣችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሜይ ጄሚሰንም በልጅነቷ ኡሁራን እያየች መነቃቃቷን ተናግራለች።

ይህን የማነሣው ለውዳሴ አይደለም። በኋላ የጠፋው ነገር ምን እንደነበረ እንድታውቁት ነው። ያ ሥራ ጉድለት ነበረበት፤ ካርቶን የሚመስሉ ዐለቶች ነበሩት፣ አንዳንድ ክፍሎቹ ዛሬ ሲታዩ ያስቃሉ። ነገር ግን የሚናገረው ነበረው። የተመልካቹ ቁጥር አላረካ ብሎ ሊዘጋ ሲል ወዳጆቹ ለጣቢያው በገፍ ደብዳቤ ጽፈው ሦስተኛ ዓመት አስጨመሩለት። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1969፣ በ79 ክፍል ተቋረጠ።

ጦም ያደረው መሬት

ቀጥሎ የሆነውን ልብ በሉ። ገበሬ መሬቱን ጦም የሚያሳድረው ስለሰነፈ አይደለም፤ መሬቱ ጉልበቱን እንዲመልስ ነው። ስታር ትሬክ ማንም ሳያስብለት ጦም አደረ። እነዚያው 79 ክፍሎች በየአካባቢው ጣቢያ ተደጋግመው ይታዩ ነበር እንጂ፣ ለጥቂት ጊዜ ከተሠራ የካርቱን ተከታታይ በቀር እስከ 1979 አዲስ ነገር አልመጣም። ታዲያ ፍቅሩ ቀዘቀዘ? በተቃራኒው። እ.ኤ.አ. በ1972 ወዳጆቹ በኒውዮርክ ስብሰባ ቢጠሩ በሺህ የሚቆጠር ሰው ጎረፈ። እ.ኤ.አ. በ1976 ናሳ የመጀመሪያውን የጠፈር መንኮራኩር ሊሰይም ሲል ሕዝቡ ለፕሬዚዳንት ፎርድ ደብዳቤ አዘነበ፤ መንኮራኩሩም በታሪኩ ውስጥ ባለችው መርከብ ስም ኢንተርፕራይዝ ተባለ። ከተቋረጠ ሰባት ዓመት ላለፈው ድራማ ማለት ነው! ሰው ከጎደለው ነገር ጋር እንዲህ ያለ ፍቅር ይይዛል።

ሁለተኛው ተከታታይ «ቀጣዩ ትውልድ» እ.ኤ.አ. በ1987 ሲመጣ ያን ሁሉ ናፍቆት ወርሶ ነው የመጣው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደካማ ነበሩ። በሦስተኛው ዓመት ማይክል ፒለር የጸሐፊዎቹ ኃላፊ ሲሆን አንድ ያልተለመደ ነገር አደረገ፤ ማንኛውም ሰው ድርሰት ጽፎ እንዲልክ በሩን ከፈተ። በሆሊውድ እንዲህ ያለ በር ተዘግቶ ነው የሚኖረው። በዚያ በር ከገቡት አንዱ ሮናልድ ሙር የተባለ ስም የለሽ ወጣት ነበር፤ ኋላ እንመለስበታለን። ሥራው ከዚያ በኋላ አበበ። እ.ኤ.አ. በ1990 የዓመቱ መዝጊያ ክፍል ካፒቴን ፒካርድን በቦርጎች እጅ ጥሎ ተቋረጠና ተመልካቹ ክረምቱን ሙሉ ጠበቀ። ጠባቂው አልሰለቸም። እንዲያውም ያ ክረምት ዛሬም ይወራል።

ከበረካ በኋላ

የቡና ሥርዓታችን አንድ ጥበብ አለው። አቦል አለ፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ፤ ከዚያ ጀበናው ይወርዳል። በረካውን ጠጥተን ስናበቃ በዚያው አተላ ላይ አራተኛ፣ አምስተኛ ውኃ ቸልሶ የሚያቀርብልን ሰው ካለ፣ የሚያቀርብልን ቡና ሳይሆን እጣቢ ነው። እንግዳው ስኒውን መልሶ ቢያስቀምጥ «ቡና ሰለቸው» ይባላል?

በስታር ትሬክ ላይ የሆነው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሦስተኛው ተከታታይ «ዲፕ ስፔስ ናይን» ሁለተኛው ሳያበቃ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1994 «ቀጣዩ ትውልድ» በ178 ክፍል ተሰናበተ። ተመልካቹ የስንብት እንባውን ሳያደርቅ እነዚያው ገጸ ባሕርያት በኅዳር በሲኒማ ተመለሱ። በጥር 1995 ደግሞ አራተኛው «ቮዬጀር» መጣ። ለምን ያን ያህል ተቸኮለ? ለሚናገረው አዲስ ነገር አልነበረም። ፓራማውንት ዩፒኤን የተባለ አዲስ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሊከፍት ነበርና የሚያስጀምርለት ስም ያስፈልገው ነበር፤ ቮዬጀር የጣቢያው የመክፈቻ ፊልም ሆነ። ቀደም ሲል ታሪክ ተገኝቶ ጣቢያ ይፈለግለት ነበር። አሁን ጣቢያ ተገኝቶ ታሪክ ተፈለገለት።

ቮዬጀር የተነሣበት ሐሳብ ግሩም ነው፤ ይህን አልክድም። አንዲት መርከብ 70 ሺህ የብርሃን ዓመት ርቃ ትወረወራለች፤ ወደ ቤት ለመመለስ 75 ዓመት ይፈጅባታል። ከእርሷ ጋር የጠፉት ዐማፅያን ጠላቶቿ ናቸው፤ ለመኖር ሲሉ በአንድ መርከብ ላይ አብረው መኖር አለባቸው። ከዚህ ሐሳብ ስንት ነገር ይወጣ ነበር! ረሀብ፣ ጥርጣሬ፣ ይቅርታ፣ የቤት ናፍቆት። ነገር ግን ዐማፅያኑ ወዲያው ያንኑ የደንብ ልብስ ለብሰው ታዛዥ ሆኑ። መርከቧ በአንዱ ሳምንት ተቀጥቅጣ በሚቀጥለው ሳምንት እንደ አዲስ እያበራች ትመጣለች። በመጀመሪያው ዓመት መርከቧ ያላት ቶርፒዶ 38 ብቻ እንደሆነና የሚተካ እንደሌለ በግልጽ ተነገረን። ወዳጆቹ መቁጠር ጀመሩ። መርከቧ ከ38 በላይ ተኩሳ አሁንም ትተኩስ ነበር።

እንግዲህ ፍረዱ። ተመልካቹ ቁጭ ብሎ ቶርፒዶ እየቆጠረ ነው። ደራሲው ግን የጻፈውን ረስቷል። ከሁለቱ የደከመው ማነው?

ቦርጎችንም ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1989 መጀመሪያ ሲመጡ የሚያስፈሩት የማይለመኑና የማይደራደሩ ስለነበሩ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ቢታዩ ነው። ተወደዱ ተባለና ቮዬጀር ውስጥ ከ1997 ጀምሮ ተደጋግመው መጡ። ያቺ ብቸኛ ትንሽ መርከብ ደግማ ደጋግማ አመለጠቻቸው፣ አሸነፈቻቸውም። በየሳምንቱ ከደጅህ የሚቆም ጅብ ጅብነቱ ይቀራል፤ የሰፈር ውሻ ይሆናል።

አምስተኛው «ኢንተርፕራይዝ» እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጀመር ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው ተቀምጦ አየው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ የሰለቸው ሰው አዲስ ነገር ሲጀመር አይመጣም። ታሪኩ ወደ ኋላ፣ ከካፒቴን ከርክ ዘመን አንድ መቶ ዓመት በፊት ይሄዳል፤ ሁሉ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሆንበት ዘመን ነው ተብሎ ነበር። ያገኘነው ግን የምናውቀውን ነው። በዘመኑ ገና መገናኘት የማይገባቸው ፍጡራን ሳይቀሩ መጡ፤ ታሪኩ እንዳይጋጭ ሲባል ብቻ ስማቸው ሳይጠራ ቀረ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚባለው ለዚህ ነው። የተመልካቹ ቁጥር ወደ መጨረሻው ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው «ኔሜሲስ» የተባለው ፊልም 60 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት በአሜሪካ ያስገባው 43 ሚሊዮን ገደማ ነው።

አጨራረሱ ደግሞ ሁሉን ይናገራል። የኢንተርፕራይዝ የመጨረሻ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2005 ሲታይ፣ አራት ዓመት ሙሉ አብረናቸው የቆየናቸው ሰዎች ስንብት የቀረበው ከ«ቀጣዩ ትውልድ» የመጣ ሌላ ገጸ ባሕርይ በመርከቡ መዝናኛ ክፍል ከፍቶ እንደሚያየው የኮምፒውተር ምስል ሆኖ ነው። በገዛ ቤታቸው ድግስ እንግዳ ሆኑ። ማጀቱ ምንም ስላልቀረው የድሮውን ድስት ፍቆ አቀረበ።

ማስረጃው ጎረቤት ነው

«ሰዉ የጠፈር ታሪክ ሰልችቶታል» የሚለውን ክስ የሚያፈርሰው ማስረጃ በዚያው ዓመት ከጎረቤት ይገኛል። በፒለር የተከፈተ በር የገባውን ሮናልድ ሙርን አስታውሱ። ለአሥር ዓመት ያህል ለስታር ትሬክ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ቮዬጀር ተዛወረ፤ ብዙም ሳይቆይ ለቆ ወጣ። ከዚያ ባትልስታር ጋላክቲካ የተባለውን የ1978 ተከታታይ እንደ አዲስ ሠራው። የጠፈር ታሪክ ነው፤ ቤታቸውን ያጡ ሰዎች በመርከብ ይሰደዳሉ፤ ከቮዬጀር ሐሳብ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በየክፍሉ መክፈቻ ላይ በሕይወት የቀሩት ሰዎች ቁጥር ይጻፋል፤ ሰው ሲሞት ቁጥሩ ይቀንሳል። ቶርፒዶው በተረሳበት ዘመን ሙር ነፍስ ቆጠረ። ኢንተርፕራይዝ ሲዘጋ ባትልስታር ጋላክቲካ በአድናቆት ይታይ ነበር።

በእንግሊዝ ደግሞ ዶክተር ሁ አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ተቋርጦ፣ በመሐል ከተሠራ አንድ የቴሌቪዥን ፊልም በቀር፣ አሥራ ስድስት ዓመት ጦም አደረ። በመጋቢት 2005 ሲመለስ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ተቀበለው። ስታር ትሬክ የቆመው ከሁለት ወር በኋላ ነው። እንግዲህ ያ ዓመት ሰው ጠፈር የጠላበት ዓመት ነበር?

ሁለት መከራከሪያ

እውነተኛ ሙግት የባላጋራውን ጥሩ ቃል አይሸሽም። የመጀመሪያው መከራከሪያ ጠንካራ ነው። «ብዛት የሚገድል ቢሆን ዲፕ ስፔስ ናይን እንዴት መልካም ሆነ? እርሱም ከሌሎቹ ጋር በአንድ ጊዜ ይታይ ነበር» ይላል። ትክክል ነው። ብዙዎች ከሁሉ የሚያስበልጡት ያንን ነው፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ነገር ግን ለምን መልካም እንደሆነ ተመልከቱ። ሌሎቹ መርከብ ላይ ተሳፍረው ሲሄዱ እርሱ በአንድ ጣቢያ ላይ ተቀመጠ። የሚሄድ ሰው ያበላሸውን ትቶ ያልፋል፤ የሚቀመጥ ሰው ግን ያበላሸውን ነገ ጠዋት ያገኘዋል። ከወረራ የወጣ ሕዝብ ምን ይሆናል? ጨቋኙና ተጨቋኙ በአንድ መንገድ ላይ ሲገናኙ ምን ይባባላሉ? የራሱ ጥያቄ ነበረው። ስለዚህ የምከሰው ብዛትን ብቻውን አይደለም። የምከሰው ጥያቄ የሌለውን ብዛት ነው። ሠራተኛው በዓመት ሃያ ስድስት ክፍል እያመረተ፣ አንዱን ሳይጨርስ ሌላው እየተጫነበት «ይህን ለምን እነግራለሁ?» ብሎ የሚጠይቅበት ጸጥታ አይኖረውም። ጸጥታውን የወሰዱበት ሰዎች ናቸው ኋላ ተመልካቹን የወቀሱት።

የኢንተርፕራይዝ አራተኛ ዓመት ይህንኑ ያስረዳል። ማኒ ኮቶ ጽሕፈቱን ሲመራ ሥራው በግልጽ ተሻሻለ። ነገር ግን የተመልካቹ ልብ አንድ ጊዜ ወጥቶ ነበር። እምነት እንደ ውኃ ነው፤ ከፈሰሰ በኋላ እንስራውን መጠገን አይመልሰውም።

ሁለተኛው መከራከሪያ «ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው እንጀራ ይበላበታል፤ የሚሸጥ ነገር ይሸጣል» የሚል ነው። እሺ፤ በገንዘብም እንነጋገር። ከአራት ዓመት ዕረፍት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ፊልም በዓለም ዙሪያ 385 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገባ። የኔሜሲስን 43 ሚሊዮን ከጎኑ አስቀምጡት፤ የዓለም ገበያውን ብትጨምሩበትም 70 ሚሊዮን አይሞላም። ለነጋዴውም ቢሆን ያረፈ መሬት ይሻለዋል።

ግን ማን ይማራል? እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በኢንተርኔት ለሚተላለፍ አገልግሎት ደንበኛ ለማብዛት ሲባል በሩ እንደገና ተከፈተ። በ2022 ብቻ አምስት የተለያዩ የስታር ትሬክ ተከታታዮች አዳዲስ ክፍል አወጡ፤ አምስት! ከመካከላቸው በእውነት የተደከመባቸው አሉ፤ «ስትሬንጅ ኒው ወርልድስ»ን ወይም «ሎወር ዴክስ»ን የሚወድ ሰው አይሳሳትም። ይሁን እንጂ በ2023 ለልጆች የተሠራው «ፕሮዲጂ» ከገዛ ቤቱ ወጥቶ ወደ ኔትፍሊክስ ተሰደደ፤ በ2024 ደግሞ ሁለት ተከታታዮች አበቁ። የአሁኑም ምክንያት «ሰዉ ሰለቸው» ከተባለ፣ ከየት እንደመጣ ታውቁታላችሁ።

ለሚያይና ለሚጽፍ

እንግዲህ ለምታዩ አንድ ቃል አለኝ። የምትወዱትን ነገር በልማድ አትከተሉት። በልማድ የሚከፈት ስልክና ቴሌቪዥን ለባለቤቱ «ቀጥል» የሚል ትእዛዝ ነው። እነዚያ የ1960ዎቹ ወዳጆች ይህን ያውቁ ነበር። ሥራው ሊዘጋ ሲል ጽፈው ተሟገቱለት። የወደዱትን ነገር ዝም ብሎ መዋጥ ውለታ አይደለም። «ይህ አይመጥናችሁም» ብሎ መናገር የሚችለው የሚወድ ሰው ነው። አንድ ሥራ መልካም ሆኖ ሲያበቃ ደግሞ ማብቃቱን እንደ በደል አትቁጠሩት። የታሪክ ፍጻሜ የታሪኩ ክፍል ነው።

ለምትጽፉ የምለው ይበልጣል። ባለፈው ዓመት ያቀረባችሁት ድራማ ተወዶ ይሆናል። «ክፍል ሁለት አምጡ» ተብላችሁም ይሆናል። ጭብጨባው ገና በጆሯችሁ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ዝግጁ ናቸው፤ ተመልካቹም ይመጣል። ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት ግን ራሳችሁን ጠይቁ፤ በመጀመሪያው ያልተናገርነው ምን ቀረ? መልስ ካላችሁ ጻፉ፤ አሥር ክፍልም ቢሆን ጻፉ። ሰው ጥያቄ ያለበትን ታሪክ አይሰለችም። መልስ ከሌላችሁ ግን ተዉት። አንብቡ፣ ሰው አዳምጡ፣ በር ክፈቱና ስም የለሹን አስገቡ፤ እርሱ የሚናገረው ሊኖረው ይችላል። የተናገራችሁትንም አትርሱ። 38 ካላችሁ ሠላሳ ዘጠነኛውን አትተኩሱ፤ የሚቆጥር ሰው ሁልጊዜ አለ።

አዳራሹ ባዶ የቀረ ቀን ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ሰዉን አትውቀሱ።